ከወረዳ ፍርድ ቤት የቤተሰብ መዝገብ ግልባጭ እንዴት ይወጣል? ከሀ እስከ ፐ

«የፍቺ ውሳኔዬ ያለው አገር ቤት፣ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። እንዴት ላስወጣው?» ይህ ጥያቄ በተለያየ መልክ ደጋግሞ ይደርሰኛል። አንዷ ሁለተኛ ጋብቻዋን ለማስመዝገብ ትፈልገዋለች። ሌላው የአባቱን የባንክ ገንዘብ ሊያወጣ ሲል የወራሽነት ማስረጃው ጠፍቶበታል። ውጭ አገር ያለችው ደግሞ ልጇን ለመውሰድ የሞግዚትነት ውሳኔ አምጪ ተብላለች። መንገዱ ለሁሉም አንድ ስለሆነ ሁሉንም እዚሁ ጽፌዋለሁ።

የምናገረው ስለ ክልል ወረዳ ፍርድ ቤቶች ነው። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከአማራ ክልል ናቸው። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የፍቺ ጉዳይ የሚያዩት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶች ስለሆኑ አካሄዱ ትንሽ ይለያል። ወረዳ ላይ፣ በተለይ የቆየ መዝገብ ከሆነ፣ የምትፈልጉት ነገር ወረቀት ነው። በፋይል ታስሮ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። የሚገኘውም በቁጥሩ ነው። ስለዚህ ትልቁ ሥራ ቁጥሩን ማግኘት ነው፤ ቁጥሩ ከተገኘ የቀረው ብዙ አያስቸግርም።

ከመነሳታችሁ በፊት የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የታደሰ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት፣ ዋናውና ኮፒው
- የሁለቱም ባለጉዳዮች ሙሉ ስም እስከ አያት
- ውሳኔው የተሰጠበት ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር (ወሩ ከታወቀ የበለጠ ጥሩ ነው)
- ከጉዳዩ ጋር የተያያዘ ማንኛውም አሮጌ ወረቀት፦ መጥሪያ፣ የቀጠሮ ወረቀት፣ የዳኝነት የተከፈለበት ደረሰኝ
- የምትሄዱት ለሌላ ሰው ከሆነ ውክልና
- ባለጉዳዩ በሕይወት ከሌለ የሞት ማስረጃና ዝምድናችሁን የሚያሳይ ሰነድ
- ለግልባጭና ለኮፒ የሚሆን ዝርዝር ብር

1. የምትፈልጉትን ሰነድ በስሙ ለዩት

«የፍርድ ቤት ወረቀቴን ስጡኝ» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። አንድ መዝገብ ውስጥ ክሱ፣ መልሱ፣ የምስክሮች ቃል፣ በየቀጠሮው የተሰጠው ትእዛዝ፣ ብይንና የመጨረሻው ፍርድ አሉ። የፍቺው ውሳኔና የንብረት ክፍፍሉ በተለያየ ቀን፣ አንዳንዴም በተለያየ መዝገብ የተወሰኑ ሊሆኑ ይችላሉ። ቀለብ ለማስፈጸም የተከፈተ የአፈጻጸም መዝገብም የራሱ ቁጥር አለው።

ውርስ ላይ ደግሞ ሰው ሁልጊዜ የሚያምታታቸው ሁለት ሰነዶች አሉ። የወራሽነት ማስረጃ ወራሹ ማን እንደሆነ ብቻ ይናገራል። የውርስ አጣሪ ሪፖርት ደግሞ ምን ንብረት፣ ምን ዕዳ እንዳለና ለማን ምን እንደሚደርስ ይዘረዝራል። ባንክ የጠየቃችሁ የመጀመሪያውን ሆኖ ሁለተኛውን ይዛችሁ ብትሄዱ ይመልሷችኋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰነዱን የሚቀበላችሁን መሥሪያ ቤት ጠይቁ። የትኛውን ውሳኔ ነው የምትፈልጉት? ሙሉው ፍርድ ነው ወይስ ማስረጃው ብቻ? ከተሰጠ ከዚህን ያህል ጊዜ ያልበለጠ የሚል ገደብ አላችሁ? መልሱን ጽፋችሁ ያዙ።

2. መዝገቡ የትኛው ፍርድ ቤት እንዳለ አረጋግጡ

ብዙ ሰው የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። የተሳሳተ ፍርድ ቤት ሄዶ «የለም» ይባልና መዝገቡ የጠፋ ይመስለዋል።

የውርስ ጉዳይ ከሆነ ሟቹ በሕይወት እያለ ዋና መኖሪያው የነበረበትን ወረዳ ፈልጉ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውርስ የሚከፈተው እዚያ ነው። መሬቱ ወይም ቤቱ ሌላ ወረዳ ቢሆንም፣ ሟቹ የተቀበረው ሌላ ቦታ ቢሆንም ለውጥ የለውም። ፍቺ ከሆነ ክሱ በቀረበበት ጊዜ ባልና ሚስቱ፣ በተለይም ተከሳሽ የተባለው ወገን፣ ይኖሩበት ከነበረው ወረዳ ጀምሩ።

ወረዳው ራሱ ተከፍሎ ወይም ስሙ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ምሥራቅ እስቴና ምዕራብ እስቴ ቀድሞ አንድ እስቴ ወረዳ ነበሩ። ወረዳ ሲከፈል የቆዩት መዝገቦች ወደ አዲሱ ተላልፈው ይሆናል፣ በነባሩ ቀርተውም ይሆናል። ሁለቱንም ጠይቁ። በአውራጃ ፍርድ ቤት ዘመን የተወሰነ ከሆነ ደግሞ የዞኑን ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ጨምሩ።

ሦስት ነገሮችን አትርሱ፦

- ተከራካሪዎቹ ሙስሊሞች ከሆኑና ተስማምተው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ከተዳኙ መዝገቡ ያለው እዚያው ሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። ከመደበኛው ወረዳ ፍርድ ቤት አትጠብቁት።
- በጉዳዩ ይግባኝ ከተባለ መዝገቡ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተልኮ እዚያው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። «ይግባኝ ነበረው?» ብላችሁ ሌላውን ወገንም ጠይቁ።
- የቆየ ፍቺ ከሆነ የተወሰነው በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሊሆን ይችላል። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም.፣ የአማራ ክልሉ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ከመውጣቱ በፊት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺ የሚወስኑት እነሱ ነበሩ። ውሳኔያቸው ለፍርድ ቤት ቀርቦ ካልነበረ መዝገብ ላይኖረው ይችላል።

3. የመዝገብ ቁጥሩን ፈልጉ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ቤት ሆናችሁ የምታጠፉት አንድ ከሰዓት በኋላ ወረዳው ከተማ ላይ አልጋ ይዞ ከመሰንበት ያድናችኋል።

ቁጥሩ በመጥሪያና በቀጠሮ ወረቀት ራስጌ ላይ «መ/ቁ» ተብሎ ይጻፋል። አንዳንዱ ላይ ዓመተ ምሕረቱ ከቁጥሩ ጎን በእዝባር ተለይቶ ይታያል። እሱም የቁጥሩ አካል ስለሆነ አብራችሁ ገልብጡ። ወረቀቱ እናንተ ጋ ከሌለ እነዚህን ሞክሩ፦

- የቀድሞው ባል ወይም ሚስት፣ ወይም አብሮ ወራሽ የሆነ ወንድም፣ እህት። መነጋገር ካልቻላችሁ ሽማግሌ በመሃል ይጠይቅላችሁ።
- ጉዳዩን የያዘው ጠበቃ። ጠበቆች የድሮ ፋይል በቀላሉ አይጥሉም።
- የወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት። ይዞታ በውርስ ወይም በፍቺ ሲዛወር የውሳኔው ኮፒ ከማኅደሩ ጋር ይያያዛል።
- ባንክ፣ የጡረታ መሥሪያ ቤት ወይም ሟቹ ይሠራበት የነበረው ድርጅት። ገንዘብ የከፈሉት በዚያው ውሳኔ ከሆነ ኮፒ ይኖራቸዋል።
- የቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ ከተጀመረበት ከ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የተመዘገበ ፍቺ ከሆነ የተመዘገበው የፍርድ ቤት ውሳኔ ቀርቦ ነው።

ከየትም ካልተገኘ ፍለጋው በስምና በዓመት ይሆናል። መዝገብ ቤት ሠራተኛው የዚያን ዓመት የመዝገብ መክፈቻ ደብተር ያወጣና ስም በስም ይወርዳል። እዚህ ላይ የፊደል ነገር ያስቸግራል። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ተብሎ ይጻፋል፤ ፀሐይ እና ጸሀይም እንዲሁ። «ወልደ» የሚለው «ወ/» ተብሎ ያጥራል። ሰውዬው የሚታወቀው በቤት ስሙ ሆኖ የተመዘገበው በክርስትና ስሙ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የስሙን አጻጻፍ ሁሉ በአንድ ወረቀት ደርድራችሁ ስጡት። የከሳሹንም የተከሳሹንም ስም ስጡ፤ ደብተሩ ላይ ጎልቶ የተጻፈው የከሳሹ ብቻ ሊሆን ስለሚችል። ዓመቱን እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ከ1998 እስከ 2000» ብላችሁ ወሰን አድርጉለት። በፈረንጅ አቆጣጠር አትንገሩት። የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ ሌላ ደብተር ውስጥ ይከታችኋል።

4. ቀኑን መርጣችሁ፣ አስቀድማችሁ አስጠይቁ

እዚያው የሚኖር ዘመድ መዝገብ ቤት ሄዶ «ይህ ቁጥር አለ ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ አድርጉ። መዝገቡ መኖሩ ሳይረጋገጥ ከሩቅ አትነሱ።

በክረምት ፍርድ ቤቶች ዕረፍት ይወጣሉ። ነሐሴና መስከረም ውስጥ የሚሠሩት ተረኛ ችሎቶች ስለሆኑ ፈራሚ ላታገኙ ትችላላችሁ። የከተማዋ የገበያ ቀንም አይመረጥም። ሰው ከየቀበሌው ወጥቶ ገበያውንም ጉዳዩንም በአንድ ቀን ስለሚጨርስ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ወረፋው ይረዝማል። ዓርብ የምሳ ሰዓት ረዘም ስለሚል ከሰዓቱ አጭር ነው። ከገበያ ቀን ውጭ ባለ ቀን፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ብትደርሱ መልካም ነው።

5. ማመልከቻውን ጻፉ

ጥያቄው በጽሑፍ ይቀርባል። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ያሉት ራፖር ጸሐፊዎች ይጽፉላችኋል፤ ግን ራሳችሁ ብትጽፉትም ይበቃል። ረጅም መሆን የለበትም። የትዳራችሁን ታሪክ አትተርኩበት። ይህን የመሰለ ይሁን፦

ቀን ……
ለ…… ወረዳ ፍርድ ቤት
አመልካች፦ (ሙሉ ስም እስከ አያት፣ አድራሻ፣ ስልክ)
ጉዳዩ፦ የውሳኔ ግልባጭ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ
በዚህ ፍርድ ቤት በመዝገብ ቁጥር …… በከሳሽ …… እና በተከሳሽ …… መካከል በነበረው የፍቺ ክርክር በቀን …… ውሳኔ መሰጠቱ ይታወቃል። የተሰጠኝ ግልባጭ ስለጠፋብኝና ለ…… ጉዳይ ስለሚያስፈልገኝ፣ በፍርድ ቤቱ ማኅተም የተረጋገጠ የውሳኔው ግልባጭ በ3 ቅጂ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ።
ከላይ የተገለጸው እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ።
(ስምና ፊርማ)

ሁለት ነገር ላብራራ። «በማኅተም የተረጋገጠ» የሚለውን ካልጻፋችሁ ተራ ፎቶ ኮፒ ተሰጥቷችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ቅጂውን ሦስት ያልኩትም አንዱ ለመሥሪያ ቤቱ፣ አንዱ ለትርጉም፣ አንዱ ቤት እንዲቀመጥ ነው። ለሦስት ቅጂ የምትጨምሩት ክፍያ ሁለተኛ ከመጓዝ ጋር አይወዳደርም።

በጉዳዩ ተከራካሪ ያልነበራችሁ ከሆነ ለምን እንደሚያገባችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፣ ማስረጃውንም አያይዙ። የልጅ አባትነት፣ የጉዲፈቻና የሞግዚትነት መዝገብ ለማንም ጠያቂ አይሰጥም። የልጁን ገመና ለመጠበቅ ነውና በዚህ አትከፉ።

6. አስፈርሙ፣ ክፈሉ፣ ደረሰኝ ያዙ

ማመልከቻው ለሬጅስትራሩ (የፍርድ ቤቱን መዝገቦች ለሚመራው ኃላፊ)፣ ሬጅስትራር በሌለበት ለዳኛው ይቀርባል። «ይሰጠው» ተብሎ ሲፈረምበት ወደ መዝገብ ቤት ትወስዱታላችሁ። ሠራተኛው ፋይሉን ያወጣል። ክፍያው የሚሰላው በገጽ ብዛት ስለሆነ ስንት ገጽ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ደረሰኝ የሌለው ክፍያ አትክፈሉ። «መዝገቡን ቶሎ አስወጣላችኋለሁ» የሚል ደላላ በር ላይ አይጠፋም። ገንዘባችሁን ወስዶ ቢጠፋ ዕድለኞች ናችሁ፤ የባሰው ፎርጅድ ማኅተም የተመታበት ወረቀት ይዞላችሁ ከመጣ ነው። ያንን ወረቀት መሥሪያ ቤት ስታቀርቡ በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል የሚጠየቀው እናንተ ናችሁ።

ኮፒ ማሽኑ ተበላሽቶ ወይም መብራት ጠፍቶ ከግቢ ውጭ ኮፒ ይደረግ ከተባለ ፋይሉን የሚይዘው የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ ይሁን። «አንተው ወስደህ አምጣው» ቢሏችሁ እንኳ እሺ አትበሉ። አንድ ገጽ ቢጎድል ጣት የሚቀሰረው በእናንተ ላይ ነው።

7. ከግቢው ሳትወጡ እያንዳንዱን ገጽ እዩ

አግዳሚ ወንበር ፈልጋችሁ ተቀመጡና አንብቡ። ስማችሁ መታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ነው? የመዝገብ ቁጥሩና ቀኑ ይነበባል? የዳኞቹ ስም አለ? ገጾቹ በተራ ናቸው? ክቡ ማኅተም፣ ፊርማና የፈራሚው ቲተር (የስሙ ማኅተም) ሦስቱም አሉ? ማኅተሙ ቀለሙ ደብዝዞ ካልተነበበ ወዲያው በድጋሚ ይመታ። በደበዘዘ ማኅተም ሰነድ ሲመለስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ወደ ታች ውረዱና መጨረሻውን ገጽ እዩ። ያለቀ ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚደመደመው «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» በሚል ትእዛዝ ነው። የያዛችሁት ገጽ «ለ…… ተቀጥሯል» ብሎ የሚያበቃ ከሆነ በእጃችሁ ያለው የመሃል ትእዛዝ ነው። ተመልሳችሁ የመጨረሻውን ጠይቁ።

ፍርዱ ላይ ስም ወይም ቀን በጽሕፈት ስህተት ተበላሽቶ ካገኛችሁ በእስክርቢቶ አይነካም፤ ሠራተኛውም እንዲያርመው አትጠይቁ። የጽሕፈት ስህተቱ እንዲታረም ለዚያው ፍርድ ቤት ሌላ ማመልከቻ ይቀርባል፣ እርማቱም በትእዛዝ ይሰጣል።

8. ውጭ አገር ከሆናችሁ

ውክልና ያስፈልጋችኋል። ባላችሁበት አገር ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፊት ትፈርማላችሁ። ወረቀቱ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ይመዘገባል። ይህ ሳይሟላ ወረዳ ላይ ብታቀርቡት አይቀበሏችሁም።

ውክልናው ውስጥ ሥልጣኑ በግልጽ ይጻፍ፦ «ከ…… ወረዳ ፍርድ ቤትና ከየደረጃው ፍርድ ቤቶች የመዝገብ ግልባጭ እንዲጠይቅልኝ፣ እንዲከፍልልኝ፣ ፈርሞ እንዲረከብልኝ፣ በሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች እንዲያረጋግጥልኝ»። «ቤቴን እንዲያስተዳድርልኝ» የሚለው የቆየ ውክልና ለዚህ አይሆንም። ተወካዩ እዚያው ወረዳ የሚኖር ቢሆን እመርጣለሁ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ስንት ቀን ሥራ ፈትቶ ይመላለሳል?

ሰነዱ ውጭ አገር የሚቀርብ ከሆነ የወረዳው ማኅተም ብቻውን አይበቃም። ከበላዩ ባለ የክልል አካል ከተረጋገጠ በኋላ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይሄዳል። የትኛው አካል ቀድሞ እንደሚያረጋግጥ እንደ ክልሉና እንደ ሰነዱ ስለሚለያይ ወረዳውን ሳትለቁ «ለውጭ ጉዳይ እንዲሆን ቀጥሎ የት ልውሰደው?» ብላችሁ ጠይቁ። ትርጉሙን ፈቃድ ባለው ትርጉም ቤት አሠሩ፤ ስማችሁም ፓስፖርታችሁ ላይ ባለው የላቲን አጻጻፍ ይጻፍ። በኦሮሚያ ፍርዱ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግራይ በትግርኛ ነው የሚጻፍ። ትርጉም ቤቱን ስትመርጡ ይህን አስቡ።

መዝገቡ የለም ከተባለ

በቃል «የለም» የሚለውን ይዛችሁ አትመለሱ። ተፈልጎ አለመገኘቱን የሚገልጽ ደብዳቤ በማኅተም ይሰጣችሁ። ቀጥሎ ለምትሄዱበት ሁሉ መነሻ የሚሆናችሁ እሱ ነው።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት በአማራና በአፋር ክልሎች የተዘረፉና የወደሙ ፍርድ ቤቶች አሉ። የእናንተ ወረዳ ከነዚያ አንዱ ከሆነ የውሳኔውን ኮፒ ከሌላ ቦታ አሰባስቡ፦ ይግባኝ ካየው ፍርድ ቤት፣ ከመሬት ጽሕፈት ቤት፣ ከባንክ፣ ከሌላው ወገን። የተገኘውን አያይዛችሁ መዝገቡ እንደገና እንዲደራጅ ለፍርድ ቤቱ አመልክቱ። የጠፋው የወራሽነት ማስረጃ ከሆነና ኮፒም ከሌለ ምስክር አቅርቦ እንደ አዲስ ማመልከት ብዙውን ጊዜ ከፍለጋው ይቀላል።

ቀን የሚያስቆጥሩ ሁለት ጉዳዮች

ግልባጩን የምትፈልጉት ይግባኝ ለማለት ከሆነ ጊዜያችሁ ከፍርዱ ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው። ፍርዱ በተነበበ ዕለት ማመልከቻውን አስገቡ፤ ግልባጩ ከዘገየም ያመለከታችሁበትን ቀን የሚያሳይ ኮፒ በእጃችሁ ይኑር።

የተፈረደላችሁን ገንዘብ ወይም ንብረት ለማስፈጸም ከሆነ ደግሞ ፍርዱ ከተሰጠ 10 ዓመት ካለፈው የአፈጻጸም ጥያቄው በይርጋ (ጊዜው በማለፉ) ይታገዳል። ዘጠነኛው ዓመት ላይ ያላችሁ ካላችሁ ግልባጩ እስኪወጣ አትጠብቁ። የመዝገብ ቁጥሩን ይዛችሁ ዛሬውኑ ጠበቃ አማክሩ።